የስፒል ቀዳዳ

ልጁ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ሲነቃ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የነበረው ባለ ክብ ባርኔጣ ሰውዬ በቦታው የለም፤ እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሲሰድ ገንዘቡም የለም። ጣቱን የተቀበለው ገንዘቡን ከኮቱ ገበር ጋር ያያዘበት ስፒል ብቻ ነው፤ እሱም ወግቶ ደም አወጣው። ልጁ ጣቱን በመሐረብ ጠቅልሎ አለቀሰ። ያስለቀሰው ግን የጣቱ ሕመም አልነበረም።

ይህን ክፍል ከዐሥር ዓመት ልጄ ጋር ያነበብነው በርሊን ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ በምትጨልምበት በኅዳር ወር ነው። በቤታችን አንድ ልማድ አለ፤ እሷ በጀርመንኛ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብባለች፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ የገባትን በአማርኛ ትተርክልኛለች። መጽሐፉ ኤሪክ ኬስትነር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ያሳተመውና ቫልተር ትሪየር ሥዕሎቹን የሠራለት «ኤሚልና መርማሪዎቹ» ነው። ልጆች ራሳቸው ሌባ የሚከታተሉባቸውና ምስጢር የሚፈቱባቸው መጻሕፍት ዛሬ የየቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያ ሞልተውታል፤ ከእነዚያ ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የነሣኝና ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር የቀሰቀሰብኝ ግን ይህ ብቻ ነው።

የኤሚል እናት ባሏ የሞተባት፣ የሰፈሩን ሴቶች ፀጉር እያጠበችና እየሠራች ልጇን የምታሳድግ ሴት ናት። በሳምንት 35 ማርክ ታገኛለች። ልጁ በርሊን ለሚኖሩት አያቱ እንዲያደርስ የሰጠችው ደግሞ 140 ማርክ ነው፤ 120ው ለአያትየው፣ 20ው ለራሱ ወጪ። እንግዲህ ከኪሱ የተሰረቀው የእናቱ የአራት ሳምንት ጉልበት ነው ማለት ነው። ኬስትነር ይህን ሒሳብ ለልጆች አንባቢዎቹ ሳይሸሽግ ያስቀምጥላቸዋል። የራሱ እናትም ድሬስደን ውስጥ በፀጉር ሥራ ያሳደገችው ሴት ስለነበረች፣ ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ቤት አንድ ብር ኖት ምን ያህል እንደሚከብድ ከማንም ሳይሰማ ያውቀዋል። በሌሎች የልጆች የምርመራ ታሪኮች የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ የከበረ ድንጋይ፣ የተደበቀ ኑዛዜ ወይም የድሮ ሀብት ነው፤ ቢገኝ ደስ ይላል፣ ባይገኝም ማንም ጦሙን አያድርም። እዚህ ግን የተሰረቀው የአንዲት እናት የተሰነጣጠቀ እጅ ያመጣው ገንዘብ ነው፤ እኔም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ልቤ የተሰቀለው ለዚህ ነው።

በዚያ ምሽት ልጄ ትረካዋን መሐል ላይ አቁማ «እማዬ፣ ለምን ለፖሊስ አይነግርም?» አለችኝ። ጥያቄዋ የታሪኩ ምሰሶ ነው። ኤሚል ከመጓዙ በፊት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በትውልድ ከተማው አደባባይ በቆመ የአንድ መስፍን ሐውልት ላይ ቀይ አፍንጫና ጥቁር ጢም ሥሎ ነበር፤ ፖሊስ ያየው ስለመሰለውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሱን እንደ ተፈላጊ ወንጀለኛ ይቆጥራል። የልጅ ጥፋት መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ እሱ አያውቅም። አንዲት ትንሽ ጥፋት ያለችበት ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ቆሞ «ተበደልኩ» የማለት መብቱ የተነጠቀ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሌባው ወርዶ ሲሄድ እያየ አይጮኽም፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ብቻውን ይከተለዋል። በልጆች መጻሕፍት ውስጥ ልጆች ለምን ፖሊስ ሳይጠሩ በራሳቸው መርማሪ እንደሚሆኑ የሚሰጡት ምክንያቶች አብዛኞቹ ለታሪኩ እንዲመቹ የተፈጠሩ ናቸው። የኬስትነር ምክንያት ግን እውነተኛ ነው፤ ልጁ መርማሪ የሚሆነው የሚያምነው ስለሌለ ነው።

እኔ ባደግሁበት ቤት «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባል ነበር፤ አባባሉ ሊጥ ላይ ብቻ ሳይሆን ቃል ላይም ይሠራ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ አዲስ አበባ፣ እናቴ የዕቁብ ዕጣ ደርሷት 300 ብር ይዛ ወደ ቤት ገባች። መብራት የጠፋበት ምሽት ስለነበር ገንዘቡን በመሐረብ ጠቅልላ በዳበሳ ከፍራሿ ሥር ሸጎጠችው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፍራሹን ብታነሣ የለም። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከገጠር የመጣች፣ ከዐሥራ ስድስት ዓመት የማትበልጥ ሠራተኛ ነበረች፤ ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ ስሟ የእሷ ነውና። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ሳልነግረውም ይገምተዋል። ጎረቤት ተጠራ፤ አክስቴ መጣች፤ ልጅቷ መሐል ላይ ቆመች። በሚካኤል ማለች፤ አላመኗትም። ጓዟን አምጥታ በሁሉም ፊት እንድትፈታ ተደረገ። አንድ የአዘቦት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ሚዶ፣ በወረቀት የተጠቀለለች ለፀጉሯ የምትቀባት ቅቤ። ሌላ አልነበራትም።

እኔ ከእናቴ ጋር እተኛ ስለነበር አንድ ነገር አውቅ ነበር። ፍራሹ የጥጥ ፍራሽ ነው፤ በግድግዳው በኩል ስፌቱ ተተርትሮ ነበርና እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እጄን በዚያ እያስገባሁ ጥጡን እየጎረጎርኩ እጫወት ነበር። «ፍራሹ ቀዳዳ አለው» አልኩ። ማንም አልዞረም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አክስቴ «አንቺ ደግሞ! ትልቅ ሰው ሲነጋገር ልጅ ጥልቅ አይልም» ብላ ወደ ጓዳ ሰደደችኝ። ልጅቷ በዚያው ቀን፣ የሁለት ወር ደመወዟ በጠፋው ብር ፈንታ ተይዞባት፣ ጓዟን አንጠልጥላ ሄደች። ከጓዳው በር ሥንጥቅ አየኋት፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር።

ወደ ኤሚል ልመለስ። መጽሐፉን የሚወዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት በማግስቱ ጠዋት ሌባው ከሆቴሉ ሲወጣ መቶ የሚሆኑ ልጆች ከበው የሚከተሉበትን ትዕይንት ነው። ማምለጥ አይችልም፣ መማታትም አይችልም፤ ዝም ብለው አብረውት ይሄዳሉ። ግሩም ትዕይንት ነው። ነገር ግን መቶ ልጆች ሌባውን አጀቡት እንጂ ሌብነቱን አላረጋገጡም። ሰውየው ባንክ ገብቶ ገንዘቡን ሊመነዝር ሲል ልጆቹ ተከትለው ገብተው «የተሰረቀ ገንዘብ ነው» ሲሉ፣ በባንኩ ሠራተኞች ፊት ያለው የልጅ ቃልና የትልቅ ሰው ቃል ነው፤ እንዲህ ያለው ፍርድ ወዴት እንደሚያዘነብል ደግሞ ማንም ያውቀዋል። ያን ጊዜ ኤሚል ስፒሉን ያስታውሳል። ገንዘቡን ከኮቴ ገበር ጋር በስፒል አያይዤው ነበር፤ ስለዚህ ኖቶቹ ላይ የስፒል ቀዳዳ መኖር አለበት ይላል። ገንዘብ ከፋዩ ኖቶቹን አንሥቶ ወደ ብርሃን ያያቸዋል። ቀዳዳዎቹ አሉ።

ልጄ ይህን ስታነብ ከወንበሯ ተነሥታ ጮኸች። እኔ ዝም አልኩ። ባቡር ውስጥ ጣቱን ወግቶ ያስለቀሰው ያ ስፒል፣ የገንዘቡን መጥፋት ያረዳው ያ ስፒል፣ አሁን ምስክር ሆኖ ቆመ። ኬስትነር ይህን ያደረገው ልጁን አዋቂዎች የማያውቁትን የሚያውቅ ልዩ ፍጡር በማድረግ አይደለም። ኤሚል ከሌላው ልጅ የተለየ ብልህ አይደለም፤ የእናቱን ገንዘብ እንዳይጠፋበት ፈርቶ ደጋግሞ የሚዳብስ፣ ስለዚህም ገንዘቡ የት፣ እንዴትና በምን እንደተያዘ ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ ነው። ፍቅሩና ፍርሃቱ ያስያዙት ዕውቀት ነው ማስረጃ የሆነለት። እኔ ለልጆች የሚጻፍ የምርመራ ታሪክ ትልቁ ስጦታው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጅ በራሱ ዐይን ያየው ትንሽ ነገር፣ የማንም አዋቂ ፈቃድ ሳያስፈልገው፣ በራሱ እግር የሚቆም እውነት ሊሆን እንደሚችል ያሳየዋል።

በአገራችንም ልጅ ሌባ እንዲያወጣ የሚደረግበት ሥርዓት እንደነበረ አያቴ ይነግሩኝ ነበር፤ ሌባ ሻይ ይባላል። አንድ ለጋ ልጅ ይመረጣል፤ ባለሙያው የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡ ላይ ባሰሩበት ገመድ እየተያዘ በሰፈሩ ውስጥ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ዕዳውን እንዲከፍል ይደረጋል። አያቴ ሲናገሩት ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ ስንት ንጹሕ ሰው ቤቱ እንደተፈታ ያውቁ ነበርና። እኔን የሚያመኝ ግን ልጁ ነው። ለምስክርነት የተመረጠው ልጅ በመሆኑ፣ ማለትም ንጹሕ ነው ተብሎ በመታመኑ ነው፤ ነገር ግን አፉን ከፍቶ ያየውን እንዲናገር ማንም አይጠይቀውም፣ እንዲያውም አስቀድሞ አእምሮው ይወሰድበታል። እግሩን ፈለጉት፣ ዐይኑን ግን አልፈለጉትም። ኤሚል ባንኩ ውስጥ ስለ ስፒሉ ሲናገር ሳነብ ያ ስሙን የማላውቀው፣ ገመድ የታሰረ ልጅ በዐይኔ ይመጣብኛል።

መጽሐፉን ከጨረስን በኋላ ልጄ ቦታዎቹን እንድናይ ለመነችኝና አንድ ቅዳሜ ወጣን። አያቱና የአክስቱ ልጅ ፍሪድሪሽሽትራሰ ጣቢያ ሲጠብቁት ኤሚል ሌባውን ተከትሎ የወረደበት የዞኦሎጊሸር ጋርተን ጣቢያ ዛሬም አለ። እሱ በቁጥር 177 ትራም የሄደበትን መንገድ እኛ በምድር ባቡር ሄደን ሆሄንዞለርንፕላትስ ወረድንና ወደ ኒኮልስቡርገር ፕላትስ በእግር ዘለቅን። ልጆቹ የተማከሩበት ይህ አደባባይ ዝይ የምትጠብቅ ልጃገረድ ሐውልት ያለበት ምንጭ፣ ዛፎችና አግዳሚ ወንበሮች ያሉት ጸጥ ያለ ትንሽ ስፍራ ነው። ልጄ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ማን የት እንደቆመ ትነግረኝ ጀመር፤ ባለ ጥሩንባው ጉስታፍ እዚህ፣ መነጽር ያደረገው ፕሮፌሰሩ እዚያ። ከዚያ «ትንሹ ዲንስታግ ግን እዚህ ብዙ አልቆየም፤ ወደ ቤቱ ሄዶ ስልክ እንዲጠብቅ ላኩት» አለችኝ፣ አዝና።

ዲንስታግ የመጽሐፉ ድብቅ ጀግና ነው። ሁሉም ሌባውን ሊያሳድድ ይፈልጋል፤ ግን አንድ ሰው ስልክ አጠገብ መቀመጥ አለበት፣ ያለበለዚያ የተበታተኑት ልጆች መልእክት የሚለዋወጡበት መንገድ የለም። ዕጣው ለእሱ ደረሰ፤ ምንም ሳያይ፣ ምንም ሳያሳድድ ቤቱ ተቀምጦ ጠበቀ። በመጨረሻ ሁሉም ሲመሰገን አያትየው ተነሥተው ለይተው የሚያመሰግኑት እሱን ነው፤ መሄድ እየፈለገ ግዴታውን ስላወቀ። በ1931 መጽሐፉ ፊልም ሲሆን ዲንስታግን ሆኖ የተጫወተው ሃንስ አልብሬሽት ለር የሚባል ልጅ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1933 ሜይ 10 ቀን፣ ናዚዎች የኬስትነርን መጻሕፍት እዚሁ በርሊን አደባባይ ላይ ሲያቃጥሉ ደራሲው ሕዝቡ መሐል ቆሞ አየ። ሥዕሎቹን የሠራው ትሪየር አይሁዳዊ ስለነበር በ1936 ወደ ለንደን ተሰደደ። ያ ስልክ የጠበቀው ልጅ ደግሞ በ1942፣ ሃያ ዓመት ሲሆነው፣ ወታደር ሆኖ ሩሲያ ምድር ላይ ሞተ። መጽሐፉ ውስጥ መቶ ልጆች የሚተሙት ለራሳቸው ወዳጅ፣ በራሳቸው ምክር ነበር። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም፤ አንድ ቀን እነግራታለሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የኤሚል የአክስት ልጅ ፖኒ ብስክሌቷን እየነዳች መጥታ በቀልድም በብልሃትም ከወንዶቹ አታንስም፤ ሥራዋ ግን ዳቦና ቡና ማቅረብ ይሆንና ሲመሽ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ልጄም ይህን አይታ ተቆጣች። በዓመቱ፣ በ1930፣ አሜሪካ ውስጥ በራሷ መኪና እየዞረች ምርመራዋን ራሷ የምትመራ ናንሲ ድሩ የምትባል ወጣት የተከታታይ መጻሕፍት ባለታሪክ ሆና ወጣች፤ ለሴት ልጆች ትልቅ በር ነበር። እኔ ግን ናንሲን ሳነብ የእናት እጅ አላየሁም፤ ለሷ ገንዘብ የሚቆጠር ነገር አይደለምና።

ያን ቅዳሜ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥን፣ ለማንም ተርኬው የማላውቀውን የፍራሹን ነገር ለልጄ ነገርኳት። እስከ ጓዳው በር ድረስ ስደርስ «ከዚያስ?» አለች።

ከዚያ አምስት ወር አለፈ። ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀር «ፍራሽ አዳሽ!» የሚል ድምፅ በመንደራችን ተሰማና እናቴ ሰውየውን ጠራችው። ግቢው ውስጥ ጆንያ ዘርግቶ ፍራሹን ተረተረው፤ የረጋውን ጥጥ እየመታ ሲያፍታታ ከመሐሉ መሐረቡ ወጣ። ከግድግዳው በኩል ገብቶ፣ ተኝተንበት ስንገላበጥ ወደ ውስጥ ተስቦ ኖሯል። ሰውየው ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ብድግ አድርጎ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ እዚያው ጆንያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አክስቴም ነበረች፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም። ብሩ ተቆጠረ፤ ሙሉ ነው። ጥጡ ተመልሶ ተሞላ፣ ፍራሹ ተሰፋ፣ በዓሉ መጣ። እኔ «ብዬ ነበር» አላልኩም፤ ያን ጊዜም ዝም ማለት ተምሬ ነበርና።

ልጄ ምንጩን እያየች ብዙ ቆየች። «ልጅቷንስ ማን ነገራት?» አለችኝ።

«ማንም።»

«አልፈለጋችኋትም?»

መልስ አልነበረኝም። አድጌ፣ ተምሬ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ልጅ ወልጄ፣ አክስቴን ለዓመታት በልቤ ከስሼ፣ ልጅቷን መፈለግ ግን አንድ ቀንም አላሰብኩም። የኤሚል ምርመራ ገንዘቡ ሲገኝ ያልቃል፤ የእኛ ቤት ምርመራ ግን ገንዘቡ በተገኘበት ቀን ነበር መጀመር የነበረበት። ይህን ያየችው የዐሥር ዓመት ልጅ ናት።

እቤት እንደደረስን የትምህርት ቤት ደብተር አወጣችና በጀርመን ፊደል ሳይሆን በግዕዝ ፊደል፣ ቀስ እያለች፣ «ስም» ብላ ጻፈች። ነገርኳት። «ያኔ ዕድሜዋ» ብላ ጻፈች። ነገርኳት። «አገሯ» ብላ ጻፈችና ቀና ብላ አየችኝ። አላውቀውም ነበር።

እሑድ ጠዋት አዲስ አበባ ለእናቴ ደወልኩ፤ ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናት። ጤና ተጠያየቅን፤ ልጄም አያቷን ሰላም አለች። ከዚያ የልጅቷን ስም ጠርቼ «አገሯ የት ነበር?» አልኳት። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለች። ለምን እንደምጠይቃት አልጠየቀችኝም።

«የደብረ ሲና ልጅ ናት» አለችኝ በመጨረሻ። «አክስቷ እዚህ ሰፈር ጉሊት ትቸረችር ነበር። እሷ አርፋለች፤ ልጇ ግን አሁንም እዚያው ቦታ ናት። በእሷ በኩል አደርሳለሁ ብዬ ... አልሄድኩም እንጂ ሁልጊዜ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አስባታለሁ።»

ልጄ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ትጽፍ ነበር። ደብረ ብላ ጨርሳ እስክሪብቶዋን አቆመች።

«እማዬ፣ ‹ሲና› በንጉሡ ነው ወይስ በእሳቱ?»

«በእሳቱ» አልኳት።